አንጀት ላይ ጠብ የሚል መጽሐፍ እንዴት ይመረጣል?

ሐምሌ ነበር። የጅማን ሐምሌ ለጅማ ሰው አላወራም። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠልያለሁ። አጠገቤ መጽሐፍ አዟሪ ልጅ እቅፉን ሙሉ ይዞ፣ ከላይ ላስቲክ አልብሶ፣ እንደኔው ዝናቡን ይጠብቃል። አንዲት ልጅ ከባጃጅ ወርዳ ሮጣ መጣችና እኛው ጋ ተጠለለች። በላስቲኩ ውስጥ ርዕሶቹን ቃኘችና «የሚያስለቅስ ልብወለድ አለህ?» አለችው።

ልጁ አላመነታም። ከሁሉም ወፍራሙን መዝዞ «ይሄ በደንብ ያስለቅስሻል» አላት።

ሳይጠሩኝ አቤት ማለት አመሌ ነው። «ምን ዓይነት ለቅሶ ነው የፈለግሽው?» አልኳት።

«ለቅሶም ዓይነት አለው እንዴ?»

አለው እንጂ። ያን ዕለት ዝናቡ እስኪያባራ ያወራኋትን እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው። ልብወለድም ሆነ ግለ ታሪክ ለመግዛት፣ ለመከራየት ወይም ለመዋስ ያሰበ ሰው ይጠቅመዋል።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር። «ልብ ወለድ» የሚለውን ስም የተውልን አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙትን፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ጠሩት። በአማርኛ ልብ ደግሞ የፍቅርና የሐዘን ቤት ብቻ አይደለም። «ልብ በል» ስንል አስተውል ማለታችን ነው። «ልብ አላልኩም» ስንል አላየሁትም ማለት ነው። እኔ መጽሐፍ የምመርጠው በዚህ ነው። ስሜት የሞላው መጽሐፍ የሚባለው ልብ ያለ ደራሲ የጻፈው ነው፤ ብዙ ያየ፣ ጥቂት የጮኸ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህንኑ በአምስት ደቂቃ ውስጥ፣ ቆሞ፣ አዟሪው ሳይሰለች ለማወቅ የሚረዱ ናቸው።

አንደኛ፦ «የሚያስለቅስ» አትበሉ፤ ስሜቱን በስሙ ጥሩት

«ልብ የሚነካ መጽሐፍ ስጠኝ» ካላችሁ ሻጩ የሚሰጣችሁ እጁ ላይ የከረመውን ነው። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ ወረቀት ላይ አንድ ቃል ጻፉ። ናፍቆት? ቁጭት? ጸጸት? እፍረት? ቅናት? ብቸኝነት? ሁለት ከጻፋችሁ የበለጠ የሚቆጠቁጠውን አስቀሩና ሌላውን ሰርዙ።

ቃሉ ሲለይ መጽሐፉም ይለያል። ቁጭት ከሆነ እኔ የምሰጣችሁ የሐዲስ አለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው። ሰዉ የፍቅር መጽሐፍ ይለዋል። ነው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አንብቤው ሁለቱንም ጊዜ ውስጤ የቀረው ቁጭት ነው። ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን መጀመሪያ ያሰረው ጠላት አይደለም። የእናቱ ስለት ነው። ልጇ እንዲኖርላት የተሳለች እናት፣ በዚያው ስለት መልሳ እጁን ጠፈረችው። ማንን ትወቅሳላችሁ? መልስ የለውም፤ ቁጭት የሚባለውም ይኸው ነው።

የቆማችሁበት ቦታ የእናንተ ካልመሰላችሁና ብቸኝነት ከጻፋችሁ የበዓሉ ግርማን «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ያዙ። አበራ ወርቁ ደመወዝተኛ ነው፤ ነፍሱ ግን ሥዕል ትላለች። ዘመድ አግባ፣ ውለድ ይላል። እሱ ይንጠለጠላል። ዩኒቨርሲቲያችን ተመርቀው የማይወዱት ቢሮ ውስጥ ማህተም የሚመቱ ልጆች ይህን መጽሐፍ ባዋስኳቸው ቁጥር ቶሎ አይመልሱልኝም። (በነገራችን ላይ በዓሉ የተወለደው በዚሁ በእኛ አቅጣጫ፣ ኢሉባቦር ሱጴ ነው። እንደ ጎረቤት ቁጠሩት።)

የልጅነት ነገር፣ ያ ለማንም ሊነገር የማይችለው ድብዝዝ ያለ ስሜት ከሆነ የፈለጋችሁት፣ የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» አለ። ጸጸትና ይሉኝታ ከሆነ፣ የኃይለመለኮት መዋዕል «የወዲያነሽ» የባላባት ልጅና የቤት ሠራተኛ ፍቅር ላይ የተሠራ ነውና እዚያ ፈልጉ። በሁለት ታማኝነት መሃል መቀደድ ከሆነ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። እሱን ወደታች እመለስበታለሁ።

ሁለተኛ፦ ቁስሉ ትኩስ ነው ወይስ ጠባሳ ሆኗል?

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ተቀጥቻለሁ።

አባቴ ባረፈ በወሩ አንድ ወዳጄ፣ ለበጎ ብሎ፣ አባቱ ስለሞተበት ልጅ የተጻፈ ልብወለድ አመጣልኝ። ድንኳኑ ከተነሳ ገና ጥቂት ሳምንት ነው። የዕድሩ ወንበር ከቤታችን ወጥቶ ወለሉ ላይ የእግሩ ጭረት አልጠፋም። አሥር ገጽ አነበብኩ። አሥራ አንደኛው ላይ ልጁ የአባቱን ጫማ ለማን እንደሚሰጥ ሲያስብ ዘጋሁትና አልጋ ሥር ወረወርኩት። ደራሲው ክፉ አልጻፈም። እንዲያውም በጣም ጥሩ ጽፏል፤ ችግሩም እሱ ነበር። የኛ ቤት ጫማ ገና በር ላይ ነበራ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ከአልጋ ሥር አውጥቼ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። አለቀስኩ። ደስ የሚል ለቅሶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለራሴም ለሰውም የምለው ይህ ነው። ነገሩ ዓመት ካልሞላው፣ ራሱን ጉዳዩን ሳይሆን የጉዳዩን ጎረቤት ምረጡ። ሰው ከሞተባችሁ ስለ ስደትና ናፍቆት አንብቡ። ፍቅር ከፈረሰባችሁ ስለ ወንድማማችነት ወይም ስለ እናትና ልጅ። ዳር ዳሩን መሄድ ነው።

ይህም ለሁሉም አይሠራም። አክስቴ እህቷ ስትሞት የፈለገችው እህቷን ያጣች ሴት ታሪክ ብቻ ነበር። ሌላ ሲያነቡላት «እሱን ተወውና» ትል ነበር። እልሁ የሚወጣለት እዚያው ላይ ሲነኩት የሆነ ሰው አለ። የትኛው እንደሆናችሁ ለማወቅ የሆነባችሁን ነገር ለአንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አውሩ። አውርታችሁ ቀለል ካላችሁ ራሱን ጉዳዩን ማንበብ ትችላላችሁ። መሃል ላይ ወሬ ከቀየራችሁ ገና ነው። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ ወራት ከተቆጠረ ግን የመጽሐፍ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይሻላል።

ሦስተኛ፦ ሽፋኑን አንብቡት፣ አትመኑት

ጀርባው ላይ «እያነባሁ ጨረስኩት» የሚል አስተያየት የደራሲው ጓደኛ የጻፈው ሊሆን ይችላል። ከሽፋኑ የሚያስፈልጓችሁ ሦስት ነገሮች ናቸው። አንዱ ስንተኛ እትም እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የታተመ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ከዓመታት በኋላም የሚፈልገው ሰው እንዳለ ግን ይነግራችኋል። ሁለተኛው ወጥ ሥራ፣ ትርጉም ወይስ ውርስ ትርጉም (የውጭውን ታሪክ ወደ አገራችን ሰውና ቦታ ያዛወረ) እንደሆነ ነው። ሦስተኛው እውነተኛ ታሪክ ነው ወይስ «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ልብወለድ ነው፤ እንደ ልብወለድ መዝኑት።

አራተኛ፦ መሃሉን ክፈቱ

ዋናው ይህ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ ማንም ደራሲ አሳምሮ ይጽፈዋል። እንግዳ መቀበያ ክፍል ነው። እናንተ ጓዳውን ነው ማየት ያለባችሁ። መጽሐፉን ከመሃል ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ክፈቱና አንድ ገጽ አንብቡ።

ምን እንደምትፈልጉ ለማሳየት ሁለት ቁራጭ ራሴ ልጻፍ። ባሏ የሞተባት ሴት ናት እንበል።

አንደኛው፦ «ልቧ በሐዘን ጦር ተወጋ። እንባዋ እንደ ክረምት ጎርፍ ጉንጮቿን አጥለቀለቀው። ዓለም ጨለመችባት። ከእንግዲህ መኖር ትርጉም እንደሌለው ተሰማት።»

ሁለተኛው፦ «ካፖርቱን ከበሩ ጀርባ አላነሳችውም። እንግዳ ሲመጣ እርጥብ ጃንጥላውን እዚያ እንዳያንጠለጥል በዓይኗ ትከተለዋለች። አትከለክልም። ብቻ ቀድማ ተነስታ ትቀበለዋለች።»

የመጀመሪያው ላይ ደራሲው እኛን ተክቶ አልቅሶ ጨርሷል። ለእኛ የተረፈ ነገር የለም። ሁለተኛው ላይ ሐዘን የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ግን ሴትየዋን እናውቃታለን። ቤቷ ብንሄድ ጃንጥላችንን የት እንደማንሰቅል እናውቃለን።

ይህ የፈረንጅ ጥበብ እንዳይመስላችሁ። አገር ቤት ለቅሶ ላይ ደህና አልቃሽ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ደካማዋ «ደጉ፣ ሩኅሩኁ፣ ለጋሱ» ትላለች። ሰዉ አንገቱን ይነቀንቅና ወሬውን ይቀጥላል። ጎበዟ ግን «ዱላውን በር ላይ አስደግፎ፣ ሳል ሳል ብሎ የሚገባው» ትላለች። ያኔ ድንኳኑ ይናወጣል። ሳሉን ሁሉም ያውቀዋላ! አልቃሿ ልብ ብላለች። ጥሩ ደራሲም የሚሠራው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ የእኔ መላ። በአንድ ገጽ ላይ የስሜት ስሞችን በጣቴ እቆጥራለሁ፦ ሐዘን፣ እንባ፣ ሥቃይ፣ ናፍቆት፣ የተሰበረ ልብ። ቀጥሎ በእጅ የሚነኩ ነገሮችን እቆጥራለሁ፦ ስኒ፣ በር፣ ጫማ፣ ቁልፍ፣ ነጠላ። የስሜቱ ስም ከዕቃው ከበለጠ እመልሰዋለሁ። ከዕቃው ውስጥ አንዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ከመጣ ደግሞ፣ ለምሳሌ ያቺው ስኒ እንደገና ከታየች፣ ኪሴን እዳብሳለሁ።

ከዚያ ንግግሩን እዩ። ሰዎቹ የሚሰማቸውን ልክ እንዳለ እየተናገሩ ከሆነ ጠርጥሩ። በእኛ አገር ማን «በጣም አዝኛለሁ፣ ብቸኝነት ይሰማኛል» ይላል? ጎረቤቴ ልጇ ዓረብ አገር ሄዳ ስልክ ካቆመች ወራት አልፈዋል። «እንዴት ነሽ?» ስትሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ነው መልሷ። ግን ስልኳን ከእጇ አታስቀምጥም። ሊጥ ስታቦካ እንኳ ሰው ጠርታ ታስይዛለች። ጥሩ ደራሲ «አልሐምዱሊላህ»ን ይጽፍና ስልኩን ያሳያችኋል።

በረንዳው ላይ ያን ወፍራም መጽሐፍ እንዲህ ከፈትነው። ልጅቷ በጣቷ ስትቆጥር ግማሽ ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ ደረሰች። አራቱ «እንባ» ነበሩ። መልሳ ሰጠችው። አዟሪው ሰማዩን አየና «ጋሼ፣ ዝናቡ እኮ ቀነሰ» አለኝ። አልቀነሰም ነበር።

አምስተኛ፦ ልትጠሉት የሚገባውን ሰው ፈልጉ

ስሜቱ የደረቀ መጽሐፍ ውስጥ ክፉው ክፉ ብቻ ነው። ሲገባ ነጎድጓድ፣ ሲወጣ ነጎድጓድ። ገጽ እየገለጣችሁ ያንን ሰው ፈልጉና ብቻውን ሲሆን ምን እንደሚያደርግ እዩ። የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፊታውራሪ መሸሻ አስቡ። ለልጃቸው የሚመጥን ዘር ያለው ሰው አጥተው ሰብለ ወንጌልን ቤት ያስቀሯት እሳቸው ናቸው። ሐዲስ አለማየሁ ግን ቀንድና ጅራት አልቀጠሉባቸውም። ያስቁናል። አንዳንዴም ያሳዝኑናል። ዘመናቸው ከእግራቸው ሥር ሲሸሽ ያላወቁ ሽማግሌ ናቸው። ጠልታችሁ ሳትጨርሱ የምታዝኑለት ሰው ያለበት መጽሐፍ አያከስራችሁም።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። መጨረሻውን ካወቅኩ ምን ቀረኝ? «ፍቅር እስከ መቃብር» እኮ መጨረሻውን ርዕሱ ላይ ነግሮናል! ሰዉ ግን እስከ ዛሬ ያነበዋል። መጨረሻው ሲታወቅ የሚሞት መጽሐፍ የልብ ሰቀላ መጽሐፍ ነው። እሱም ለመንገድ ጥሩ ነው። አንጀት ላይ ጠብ የሚለው ግን እያወቃችሁ «ምነው ባይሄድ» የሚያሰኛችሁ ነው።

ስድስተኛ፦ ግለ ታሪክና ትዝታ ሲሆን መለኪያው ይለወጣል

ልብወለድ ላይ ደራሲው ገጸ ባሕርዩን ያጋልጣል። ግለ ታሪክ ላይ የሚጋለጠው ራሱ ነው፤ መጋለጥ ከፈቀደ። ብዙው አይፈቅድም። የእኛ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ይሉኝታ እጁን ይይዘዋል። ሥልጣን የነበረው ሲሆን ደግሞ መጽሐፉ የመከላከያ መልስ ይሆናል፤ ጠበቃ የጻፈው ይመስላል።

ስለዚህ ማውጫውን ክፈቱና ልጅነቱ ስንት ገጽ እንደተሰጠው እዩ። ሦስት ገጽ ላይ ተወልዶ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ አራተኛው ላይ ሹመት ከተቀበለ፣ ይህ ሰው ለታሪክ ተመራማሪ እንጂ ለአንጀታችሁ አልጻፈም። የአፄ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ለታሪኩ አንብቡት፤ ትልቅ ሰነድ ነው። ሆዳችሁ ሲባባ ግን ወደዚያ አትሂዱ። ንጉሥ በአደባባይ አያለቅስም።

ከዚያ ደራሲው የተሳሳተበትን ምዕራፍ ፈልጉ። «ያኔ ቸኩዬ ነበር»፣ «እናቴን ሳልሰናበት ሄድኩ»፣ «ፈራሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አንድ እንኳ ካገኛችሁ መጽሐፉን ውሰዱት። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሁልጊዜ ትክክል የነበረ ሰው ጋ ምን ትሠራላችሁ? ጠረጴዛ ቢጋራችሁ እንኳ ሒሳብ ከፍላችሁ ትነሳላችሁ።

የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «የሕይወቴ ታሪክ» ለዚህ እወደዋለሁ። ሰውየው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ «ፋቡላ» የሚባለውን ቀደምት ቴአትር የጻፉ ትልቅ ሰው ናቸው። መጽሐፉን ስታነቡ ግን መጀመሪያ የምታገኙት ከዓድዋ በኋላ ገና በልጅነቱ ወደ ሩስያ የሄደ ልጅ ነው። ሹመቱን ዝለሉና ልጁን አንብቡ። በኋላ ሹመቱም ይጣፍጣል።

ለእኛ ለጅማ ሰዎች ቅርብ የሆነ ደግሞ አለ። ከጅማ ወደ ቦንጋ ስትሄዱ የጎጀብን ወንዝ ትሻገራላችሁ። ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ልዑል ራስ እምሩ ለጣልያን እጅ የሰጡት እዚያ ጎጀብ ላይ ነው። አብረዋቸው ከተያዙት አንዱ፣ ኋላ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጻፉት ሐዲስ አለማየሁ ናቸው። ተይዘውም ጣልያን አገር በእስር ዓመታት ቆዩ። ያን ዘመን «ትዝታ» በተባለው መጽሐፋቸው ጽፈውታል። ራስ እምሩም «ካየሁት ከማስታውሰው» የሚል አላቸው። ሁለቱን አከታትላችሁ አንብቡና አንዱን ዘመን ሁለት ሰው እንዴት እንደሚያስታውሰው እዩ። እኔ እነሱን ካነበብኩ በኋላ ድልድዩን ስሻገር መኪና ውስጥ ወሬ አቆማለሁ።

ለወጣቶች፣ በተለይ ለሴቶች፣ የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» አስቀድማለሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በኋላ ወደ አማርኛ የመጣ ትዝታ ነው። በአብዮቱ ዘመን ኢሕአፓ ውስጥ የገባች ተማሪ፣ ጌታቸው ማሩን ትወዳለች። የሚገድሉት ጠላቶቹ አይደሉም፤ የራሱ ድርጅት ሰዎች ናቸው። እሷ ደግሞ በደርግ ትታሰራለች። መጽሐፉን ትልቅ የሚያደርገው ይህ መከራ ብቻ አይደለም። ያኔ ያመነችውን ነገር ዛሬ መልሳ ትጠይቀዋለች። ራሷንም አታስመልጥም።

ይህን ስትጨርሱ «ኦሮማይ»ን ያዙ። ዘመኑ ጎረቤት ነው። እዚያ ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይሄድና ፊያሜታ የምትባል ሴት ያገኛል። በ1975 ዓ.ም. ወጣ፤ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። በዓሉ የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን እያወቃችሁ ስታነቡት እያንዳንዱ ገጽ ይከብዳል። ትዝታና ልብወለድ እንዲህ ሲጣመሩ አንዱ ለሌላው መብራት ይይዝለታል።

ሰባተኛ፦ ትርጉም ከሆነ ጮክ ብላችሁ አንብቡት

አንድ ንግግር ምረጡና በድምፅ አንብቡ። «ኦ አምላኬ! ይህ ሊሆን አይችልም፣ ማሬ!» የሚል ካጋጠማችሁ ወደ መደርደሪያው መልሱት። የትኛው እናት ናት «ማሬ» ብላ የምትጠራችሁ? አንጀት የሚገባ ትርጉም በአማርኛ የሚጣላ፣ በአማርኛ የሚኮራረፍ ነው። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ ያመጣልንን «Gone with the Wind» አስቡ። በደርግ እስር ቤት ተቀምጦ፣ በሲጋራ ወረቀት ላይ እየጻፈ የተረጎመው ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ ነው፤ ግን ስታነቡት አማርኛው የቤት ልጅ ነው።

ስምንተኛ፦ ጅማ ላይ ማግኘት

አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አዲስ የወጣ መጽሐፍም አንዳንዴ ዘግይቶ ይደርሰናል። እኔ የማደርገው ይህ ነው። መጀመሪያ አዟሪዎቹን እጠይቃለሁ። ስልካቸውን ያዙ፤ ርዕሱን ንገሯቸው፤ ይፈልጉላችኋል። ተከራይቶ ማንበብ የሚቻልበት ቤት ካገኛችሁ ደግሞ ለሙከራ ጥሩ ነው። የወደዳችሁትን በኋላ ትገዙታላችሁ። ካጣችሁ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገዝቶ በአውቶቡስ ረዳት ይልክላችኋል። ዝናብ ከሆነ «በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልለው» በሉት።

ስትገዙ ገጹን ቁጠሩ። አንድ ጊዜ ያገለገለ መጽሐፍ በርካሽ አግኝቼ ደስ ብሎኝ ገባሁ። ገጽ 160 ላይ ሰውየው የእህቱን ደብዳቤ ሊከፍት ነው። ገለጥኩ። ገጽ 145 ተመልሶ መጣ! እስከ 160 ድጋሚ፣ ከዚያ 177። ብዙ ጊዜ መጻሕፍት በ16 በ16 ገጽ ታጥፈው ነው የሚሰፉት። ስለዚህ ስህተት ሲፈጠር የሚጎድለው አንድ ገጽ ሳይሆን አንድ ጥራዝ ነው። ደብዳቤው ምን ይል እንደነበር ያወቅኩት ከስምንት ወር በኋላ ነው። ኮፒ የሆኑትን ደግሞ በተለይ ፈትሹ፤ ጠርዙ ላይ ፊደል ይቆረጣል።

ማንበብ ለደከመው ወይም ላልቻለ ቤተሰብ ትረካ አለ። ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲተርክ የሰማ ሰው ጉዱ ካሣን ሌላ ድምፅ ሊሰጠው አይችልም። ዛሬ ዩቲዩብ ላይ ይገኛል። እናቴ ቡና እየለቀመች ትሰማዋለች። የምትወደው ቦታ ሲደርስ ሰፌዱን ታስቀምጣለች።

ዘጠነኛ፦ ስንት ገጽ ትታገሱታላችሁ?

ሃምሳ ገጽ እላለሁ። ሃምሳ ላይ አንድም ሰው ካላሳሰባችሁ፣ ማለትም ምግብ እየበላችሁ «እሱ ልጅ አሁን ምን ይሆን?» ካላላችሁ፣ ያለ ጸጸት ተዉት። ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» መቶ ስጡ፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። አዳም ረታ ደግሞ በገጽ አይለካም። ዓረፍተ ነገሩ ጠምዘዝ ይላል፣ ከአንዱ ትዝታ ወደ ሌላው ይዘላል። በቀን አሥር ገጽ፣ ከንፈር እያንቀሳቀሱ ማንበብ ነው። ሲቸኩሉበት ይኮርፋል።

ሌላው፣ ከባድ መጽሐፍ ጨርሳችሁ በዚያው ሌሊት ሌላ አትጀምሩ። እኔ ሦስት ቀን እተዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ሳላስበው የሚመጣልኝ ቦታ ካለ ጀርባው ገጽ ላይ ገጹን በእርሳስ እጽፋለሁ። ለሰው ሳውስም መጀመሪያ ያንን እሰርዛለሁ፤ የራሱን እንዲያገኝ።

ማዋስ ካልኩ አይቀር፣ «ከአድማስ ባሻገር»ዬን የወሰድሽው ልጅ፣ ሁለት ክረምት አለፈው። በረንዳው ላይ ስልክሽን አልተቀበልኩም። ያ አዟሪ ግን ያውቅሻል። ለእሱ ብትሰጪው ያደርስልኛል፤ እንደገና ካልሸጠው።